ፌጦውን ከፊትሽ፣ ቅቤውን ከግንባርሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር፣ እንዴት ነዎት? የ22 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ግንባሬና ጉንጬ ላይ ብጉር መውጣት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። ኬሚካል ፊቴን ያበላሸዋል ብዬ ስለምፈራ በተፈጥሮ ነገር ብቻ ነው የምታከመው። ሎሚ በማር፣ እርድ፣ እሬት ሞክሬያለሁ። በቅርቡ ደግሞ ቲክቶክ ላይ አይቼ ፌጦ ፈጭቼ በሎሚ ለውሼ ቀባሁ። አቃጠለኝ፤ እየሠራ ነው ብዬ ታገስኩ። አሁን ጉንጬ ጠቁሮ ቀረ። እናቴም ማድያት አለባት። ትንሹ ወንድሜ ራሱ ላይ ጭርት ወጥቶበት ነጭ ሽንኩርት እያሸንለት ነው። ለሦስታችንም የሚሆን ጥሩ የተፈጥሮ መድኃኒት ይንገሩኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «አቃጠለኝ፤ እየሠራ ነው ብዬ ታገስኩ» ያልሽው ላይ። ይቺን ንግግር ከታካሚዎቼ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔው አላውቅም። እኛ አገር መድኃኒት ካልመረረ ወይም ካላቃጠለ መድኃኒት አይመስለንም። ክኒን ሲታዘዝልን ቅር ብሎን መርፌ የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው። ፊት ላይ ግን ይህ አያዋጣም። ፊትሽ ሲያቃጥልሽ ብጉሩ እየሞተ አይደለም። የሚቃጠለው ቆዳሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጉንጭሽን እናስታምም። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም አትቀቢ። ፌጦውም፣ ሎሚውም፣ እርዱም፣ ማሩም ይቅር። የፋርማሲ የብጉር ክሬምም ቢሆን ይቆይ። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠቢ። ደርቆ የሚላጠው ቦታ ላይ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ። ፀሐይ ላይ ስትወጪ ጥላ ያዢ። ውሃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ቁስል ካለ ግን የኔን ጽሑፍ ተይውና ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

የጠቆረው ይለቃል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ይለቃል። ግን የሚቆጠረው በወር ነው፤ አንዳንዱ ዓመት ያልፈዋል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ በተቆጣ ወይም በተጎዳ ቁጥር ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ከልክ በላይ ይሠራሉ። ብጉሩ በሳምንት ይከስማል፣ ምልክቱ ግን ይቀራል። ብዙ ሴቶች «ብጉር አስቸገረኝ» ብለው ይመጣሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ብጉሩ ሦስት ወይም አራት ነው፤ የጠቆረው ቦታ ሰላሳ። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ያመጣው ብጉሩ አይደለም፣ መድኃኒት ተብሎ የተቀባው ነገር ነው። የኛ ቆዳ ላይ ብጉር ሲታከም መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው፤ ሕክምናው ራሱ ሌላ ምልክት እንዳይጨምር።

ፌጦ ለምን እንዲህ እንዳቃጠለሽ ልንገርሽ። ፌጦ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ሰናፍጭ ስትቀምሺ አፍንጫሽ ድረስ የሚወጣውን ታውቂዋለሽ። ያ የሚያቃጥለው ነገር ደረቁ ፍሬ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። የሚፈጠረው ፍሬው ተፈጭቶ እርጥበት ሲያገኝ ነው። ተክሉ ሊበሉት የሚመጡ ነፍሳትን የሚመክትበት መሣሪያ ነው። አንቺ ፌጦውን ፈጭተሽ ስትለውሺው የተኛውን ቀሰቀስሽው ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ ነው፤ ኃይሉ የሚነሳው ሲቀጠቀጥ ነው። ቆዳ ላይ ታስሮ ወይም ተለጥፎ ሲቆይ እንደ ፈላ ውሃ ውሃ ያስቋጥራል። ወደ ወንድምሽ እመለሳለሁ፤ እስከዚያው ግን ሽንኩርቱን አቁሙ።

ሎሚው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ይባላል። ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ ነው፣ የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ። የሦስት ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በዚህ መለኪያ ግን አንድ ቁጥር በወረድሽ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ሦስት ቁጥር ማለት ሺህ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ሎሚ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ የሚጨመቀው ብዙ ጊዜ ትልቁ ቢጫ ሎሚ ነው። የኛዋ ትንሿ ክብ ሎሚ ሌላ ዝርያ ናት፤ ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ በእሷ ይብሳል። ቃጠሎው በዕለቱ አይታይም። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሎሚውን የሚጠረጥረው የለም፤ «ምች መታኝ» ተብሎ ይታለፋል።

ደብረ ብርሃን መሆንሽም ነገሩን ያብሰዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልላል። ጋቢ ለብሰሽ እየተንቀጠቀጥሽ ፀሐዩ ፊትሽን ሊያቃጥለው ይችላል።

አሁን «ኬሚካል እፈራለሁ» ወዳልሽው ልምጣ። ፍርሃትሽ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። ገበያው ፊት በሚያበላሽ ክሬም ተሞልቷል፤ ስለእሱም እነግርሻለሁ። ግን በተፈጥሮና በኬሚካል መካከል ያጠርነው አጥር ቦታውን ስቷል። ወንዝ ዳር የሚበቅለውን አኻያ ታውቂው ይሆናል። የብጉር መታጠቢያ ላይ ተጽፎ የምታገኚው ሳሊሲሊክ አሲድ ታሪኩ የሚጀምረው ከአኻያ ወገን ዛፎች ልጥ ነው። ስሙም የተወሰደው ከዛፉ የላቲን ስም ነው። ድኝንም ተመልከቺ። ዳሎል ላይ መሬቱን ቢጫ የሚያደርገው ነው። ለእከክ ሲቀባ የኖረ ነው፤ ዛሬም ለእከክ የድኝ ቅባት በሐኪም ይታዘዛል።

ከሁሉ የምወደው ግን የቋቁቻን ታሪክ ነው። ቋቁቻ ደረትና ጀርባ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ምልክት የሚያወጣ ፈንገስ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የጣሊያን ተመራማሪዎች «ይህ ፈንገስ ቆዳውን በምን ያነጣዋል?» ብለው መመርመር ጀመሩ። ሲፈልጉ ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግዱ አሲዶች አገኙ። ከእነሱ አንዱ አዜላይክ አሲድ ነው። ስንዴና ገብስ ውስጥም አለ። ዛሬ ለብጉርም፣ ብጉር ለተወው ጥቁረትም፣ ለማድያትም ይታዘዛል። ከአንዱ የቆዳ ችግር የሌላው መድኃኒት ወጣ ማለት ነው። ታዲያ ይህ ተፈጥሮ ነው ወይስ ኬሚካል?

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቆዳው ላይ ምን ይሠራል? ምን ያህል ነው? ለስንት ደቂቃ ይቀመጣል? ሳሊሲሊክ አሲዱ ላይ «2 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል። የፌጦሽ ስንት በመቶ ነው? እጅሽ እንዳመጣው ነው የለወስሽው። የዛሬው ከትናንቱ ይለያል።

ለመሆኑ ብጉር ምንድን ነው? ከእያንዳንዷ የፊት ፀጉር ሥር ቅባት የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች። ሆርሞን ሲነሳ ቅባቱ ይበዛል። የቀዳዳዋ አፍ ላይ የሞተ ቆዳ ይጠራቀምና ይደፍናታል። ከውስጥ በታፈነው ቅባት ላይ ሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ይራባል። ከዚያ ሰውነት ይቆጣል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይመግላል። በቃ፣ ይኸው ነው። የቆሻሻ ጉዳይ አይደለም፤ በቀን አምስት ጊዜ ብትታጠቢ ቆዳሽን ታደርቂዋለሽ እንጂ ብጉሩን አታጠፊውም። «ደምሽ ቆሽሾ ነው» የሚሉሽንም፣ «ባል አምሮሽ ነው» እያሉ የሚያሾፉብሽንም ተያቸው።

እዚህ ጋ አንድ ያልነገርሽኝን ነገር ልጠይቅሽ። ፀጉርሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ?

ከተማሽን ስትነግሪኝ ነው ይህ የመጣብኝ። ብርድና ደረቅ አየር ባለበት ቅቤና የፀጉር ቅባት ይበዛል። ብጉር ግንባር ላይ፣ በተለይ የፀጉሩን መስመር ተከትሎ፣ ጥቃቅን ሆኖ ከተደረደረ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከላይ የሚወርደውን ቅባት ነው። እኛ ብቻ አይደለንም። በ1970 አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች የጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ግንባር ላይ ይህንኑ ብጉር አይተው መንስኤው የፀጉር ቅባት እንደሆነ ጽፈዋል። «የፖሜድ ብጉር» ብለው ስም ሰጡት። የኛው ፖሜድ ለጋ ቅቤ ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጥና ወደ ግንባር ይወርዳል።

ቅቤ ተይ አልልሽም። ብልሽም አትተይም፤ እኔም አልተውኩም። ቅቤውን ከፀጉር መስመርሽ ሁለት ጣት ያህል አርቀሽ ቀቢ። ተቀብተሽ ስትጨርሺ ፊትሽን መልሰሽ ታጠቢ። ትልቁ ጥፋት ግን ያለው ሻሹ ላይ ነው። ቅቤ የጠጣው ሻሽ ሌሊቱን ሙሉ ግንባር ላይ ተጠምጥሞ ያድራል። በሳምንት አንዴ ይታጠባል ቢባል ነው። ሻሹን ከግንባርሽ ከፍ አድርገሽ እሰሪ፣ በየሁለት ቀኑ ቀይሪ። የትራስ ልብሱንም እንዲሁ። እንዲህ አድርገሽ የግንባርሽ ብጉር በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በግልጽ ከቀነሰ ምስጢሩ እዚያ ነበር ማለት ነው። ለዚህ አንድ ብር አላወጣሽም።

ወደ ሞከርሻቸው ነገሮች ልሂድ። ሁሉንም አላጣጥልም።

እሬት ጥሩ ነገር ነው፣ አወጣጡን ካወቅሽበት። ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ «እንደ እሬት መረረኝ» የምንልበት ነው። እናቶች ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀቡትም ይህንኑ መራራ ነው። ይህ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆጣል። የሚፈለገው ከመሐል ያለው እንደ ውሃ የጠራ ዝልግልግ ነው። ቅጠሉን ቆርጠሽ ለሩብ ሰዓት አቁሚው፤ ቢጫው ይውረድ። ከዚያ ልጠሽ የጠራውን ብቻ ውሰጂ። ቆዳ ያቀዘቅዛል፣ እርጥበት ይሰጣል። ሌላ የብጉር መድኃኒት ያደረቀውን ቆዳም ያስታግሳል። ብጉርን ብቻውን ያድናል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ደግሞ አስታውሺ፤ አገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አለ። ሱቅ የሚሸጠው አሎቬራ ደግሞ መነሻው ከአረብ ምድር የሆነ ሌላ ዝርያ ነው። ከተራራ ያመጣሽው ሁሉ እኩል አይደለም። ክንድሽ ማጠፊያ ላይ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ካላሳከከሽ ፊትሽ ላይ ሞክሪው።

ማር ለቁስል ጥሩ ታሪክ አለው። ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያ እንደ ልቡ አያድግበትም። ብጉር ላይ ግን ተፈትኖ ወድቋል። ኒውዚላንድ ውስጥ በ136 ሰዎች ላይ የአገራቸውን የሕክምና ማር ፊት ላይ እያስቀቡ ለ12 ሳምንት አይተው ነበር። ውጤቱ በ2016 ሲወጣ ባክቴሪያ በሚገድል ሳሙና ብቻ ከመታጠብ የበለጠ የጨመረው ጥቅም አልታየም። እኔን ከጠየቅሽኝ ማርሽን ብትበይው ይሻላል።

እርድ ፊት ያቢጫል፤ ለብጉር የሚያስመካ ማስረጃ የለውም። ጥቁር አዝሙድ ላይ ደስ የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ግን በልክ ተቀምሞ እንጂ ቤት ተጨምቆ አይደለም። የቡና አተላና ስኳር ይዞ ፊት ማሸት የተቆጣ ብጉር ላይ አሸዋ እንደማሸት ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አስፕሪን መፍጨት... እነዚህን ዝም ብዬ ልለፋቸው።

ከተክል ወገን ጥሩ ማስረጃ ያለው ቲ ትሪ የሚባለው ዘይት ነው። ከሻይ ቅጠል ጋር አይገናኝም፤ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። በ1990 እዚያው አውስትራሊያ በ124 ሰዎች ላይ 5 በመቶ የቲ ትሪ ጄልን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው የተለመደ የብጉር መድኃኒት 5 በመቶ ጋር አወዳድረውት ነበር። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ። ቲ ትሪው ዘገየ፣ ግን ማድረቁና ማቃጠሉ አነሰ። «5 በመቶ» የምትለዋን ልብ በይልኝ። በትንሿ ብልቃጥ የሚሸጠው ንጹሑ ዘይት መቶ በመቶ ነው። እንዳለ ከተቀባ ያቃጥላል። ባህር ዛፍ የዚህ ዛፍ ዘመድ ነው ብለሽ ደግሞ ቅጠሉን እንዳትቀጠቅጪ። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ ዘይታቸው አንድ አይደለም።

እንግዲህ ጉንጭሽ ከዳነ በኋላ ምን አድርጊ ትይኝ ይሆናል። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ጠዋት ሽቶ በሌለው ለስላሳ መታጠቢያ ታጠቢ። ቀለል ያለ ማለስለሻ ቀቢ። ከዚያ ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ። ማታ ደግሞ አዜላይክ አሲድ ካገኘሽ እሱን፣ ካጣሽ አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄል። አዳፓሊን የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ይከፍታል። ለመላው ፊት የአንድ አተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አታድርጊ፤ ገና ያልወጣውንም መያዝ አለበት። መጀመሪያ በሁለት ቀን አንዴ ጀምሪ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ሊደርቅ፣ ትንሽም ሊብስ ይችላል። ለማርገዝ ካሰብሽ ወይም ካረገዝሽ አዳፓሊኑ ይቅር፤ አዜላይኩ ይቻላል።

የሚመግሉ ቀያይ ብጉሮች ካሉ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። 2.5 በመቶው ይበቃሻል፤ 10 በመቶው የሚጨምረው በአብዛኛው ማድረቅን ነው። አንድ ነገር ልጠቁምሽ፤ ጨርቅ ያነጣል። የነጠላሽን ጥለትና የትራስ ልብስሽን ተጠንቀቂ። እኔ በተማሪነቴ አንድ ጥሩ ሻርፕ አበላሽቼበታለሁ።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ፌጦ ላይ የታገስሽውን እዚህ ታገሺ። ለውጡን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለውና ሌላ ይገዛል። ዛሬ መስኮት ሥር ሆነሽ ፎቶ ተነሺ። መስታወት በየቀኑ ስለምታይው ለውጡን ይደብቅብሻል። ፎቶ አይደብቅም።

ቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ያለብሽ ግን የትኛው ሲሆን ነው? ብጉሩ እንደ እብጠት ጠልቆ የሚያም ከሆነ፣ ጉድጓድ ወይም እብጥ ያለ ጠባሳ እየተወ ከሆነ፣ የወር አበባሽ የሚዛባና አገጭሽ ላይ ፀጉር የሚበቅል ከሆነ። የመጨረሻው የሆርሞን ምርመራ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ስትመጪ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ አለው። አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን ክኒን ከሰው ተቀብለሽ እንዳትውጪ። ለከባድ ብጉር ድንቅ መድኃኒት ነው፤ ፅንስን ግን ክፉኛ ይጎዳል፣ ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰድም።

አሁን የፈራሻቸው ክሬሞች። እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ብልቃጥ የሌላቸው፣ በትንሽ ዕቃ ተቀንሰው የሚሸጡ፣ «መቶ በመቶ ከተፈጥሮ» የተባሉ ቅባቶች አሉ። በሦስት ቀን ፊት ያጠራሉ። ያን ፍጥነት እሬትም ሆነ ማር አያመጣውም። የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የተደባለቀበት ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ የቆዳ ቁጣ ማስታገሻ ነው፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን። አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ አለ። ስቴሮይድ ሐኪም በልክ ሲያዘው ባለውለታችን ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ፀጉር ያበቅላል። አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ብጉሮችንም ይደረድራል። ስታቆሚው ፊትሽ እሳት ይሆናል፤ «ያለ እሱ አልችልም» ትያለሽ፣ ትመለሺበታለሽ። እንዲህ ያለ ክሬም ወራት ከተጠቀምሽ በአንዴ አትጣይው፤ ለሐኪም አሳይተሽ ቀስ በቀስ ውጪ። እና በሦስት ቀን የሚሠራ ነገር ሲሸጥልሽ ጠርጥሪ። ተፈጥሮም ፋርማሲም እንዲህ አይሮጡም።

ስለ ምግብ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሁሉም ስለሚጠይቅ ልበልበት። ደም ውስጥ ስኳር ቶሎ የሚያስነሳ ምግብ ብጉርን እንደሚያብስ ጥሩ ጥቆማ አለ። በ2007 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 43 ወጣት ወንዶችን ለ12 ሳምንት አይቶ ነበር። ስኳርና ነጭ ዳቦ የቀነሱት ብጉራቸው የበለጠ ቀነሰ። ወተትም ይጠረጠራል፣ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው። የምትጾሚ ከሆነ ዐቢይ ጾም ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ 55 ቀን ሙሉ ወተትና ቅቤ የለም። ፊትሽን እይው። ችግሩ ብዙ ሰው በጾም ወተቱን ትቶ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ላይ ይወድቃል። ያኔ ውጤቱ አይለይም።

እናትሽ ጋ ልምጣ። ማድያት ከብጉር የተለየ ነው። ከቆዳው ሥር የሚሠራው ሆርሞንና ፀሐይ ነው፤ እርግዝናና የወሊድ መከላከያ ይቀሰቅሱታል። ሎሚ እንዳትነካ። ከሁሉም የሚቀድመው ጥላ፣ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ነው። ለማድያት ቀለም ያለው መከላከያ ይመረጣል። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ተራው የፀሐይ መከላከያ የማያግደውን ብርሃን ያግዳል። ሙቀትም ማድያትን ያብሳል። እንጀራ የምትጋግር ከሆነ ምጣዱ ላይ ረጅም ሰዓት አጎንብሳ አትቆይ፤ ብትችሉ ተራ ተያያዙ። ማታ ማታ አዜላይክ አሲድ መሞከር ትችላለች። ሃይድሮኪኖን የሚባለውን ግን ሐኪም ካላዘዘላት አትጀምር። ለዓመታት ሲቀባ ፊትን ሰማያዊ ግራጫ አድርጎ ያጠቁራል፤ ያ ደግሞ ከማድያቱ የባሰ ነው።

ወንድምሽ። የራስ ቅል ጭርት ከሰውነት ጭርት ይለያል። ሰውነት ላይ ያለው በቅባት ይድናል። ራስ ላይ ያለው ግን ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ሽንኩርት ቀርቶ ጥሩ የተባለ ክሬምም እዚያ አይደርስም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ከቆዩት አንዱ ግሪሶፉልቪን ነው። ተፈጥሮ ለምትወጂው ለአንቺ ደስ የሚል ዜና አለው፤ በ1939 ከሻጋታ የተገኘ ነው። ለአንድ ወር ከግማሽ እስከ ሁለት ወር ይወሰዳል። መጠኑ በክብደቱ ስለሚሰላ ጤና ጣቢያ ይታይ። እብጥ ብሎ የሚያም፣ መግል የሚያወጣ ቦታ ካለው ግን ዛሬውኑ ውሰዱት። ያ ከቆየ ፀጉሩ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ማበጠሪያውንና ኮፍያውን ለዩለት፣ የሌሎቹንም ልጆች ራስ እዩ። ፀጉር የሚቆርጥበት ቤትም ማሽኑን በደንብ እንዲያጸዱ ንገሯቸው።

ግሪሶፉልቪን በባዶ ሆድ ሲወሰድ በደንብ አይገባም። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የሚሰጠው። ከግንባርሽ ያስቀረሽውን ቅቤ ለእሱ ገንፎ ላይ ጣል አድርጉለት።